ከቃል ፊት የሚቆረጥ ሆሄ



የዚህ ንግግር ጉዳይ በመልኩ ትንሽ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ተከታትለው ከተቀመጡ ሆሄያት፣ በሙያው አነጋገር ስትሪንግ ከሚባለው የሆሄያት ሰንሰለት ፊት ላይ የማይፈለግ ነገር ሲገኝ፣ ያ የማይፈለገው ነገር እንዴት ይወገዳል? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው። ፓይተን፣ ፒኤችፒ፣ ፐርል፣ ጃቫስክሪፕትና ባሽ በሚባሉት የስክሪፕት ቋንቋዎች ሁሉ ለዚህ ሥራ የሚሆን መንገድ አለ፤ ጀማሪ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይማረዋል፤ ከተማረውም በኋላ ተመልሶ አያነበውም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተጻፈ፣ ከዐሥር መስመር የማይበልጥ ስክሪፕት ብዙ ሺሕ ሰዎች የተመዘገቡበትን መዝገብ በጥቂት ሰከንድ ያልፍበታል፤ ሲያልፍም ያጠፋውን አይናገርም።

ለማስረዳት ያህል የአንድ ጤና ጣቢያ የሕሙማን መዝገብ ይወሰድ። መዝገቡ ለምሳሌ የታሰበ ነው፤ ዓይነቱ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኝ ነው። አራት ዓምዶች አሉት፤ እነርሱም ከነማዕርጉ የተጻፈ የሕመምተኛው ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥርና የሐኪሙ አጭር ማስታወሻ ናቸው። ጤና ጣቢያው ይህን መዝገብ ከላቦራቶሪው መዝገብ ጋር አስተያይቶ ውጤታቸው የደረሰላቸውን ሰዎች በስልክ መጥራት ይፈልጋል። ላቦራቶሪው በበኩሉ ስምን ያለ ማዕርግ፣ ስልክንም ያለ አገር መለያ ይጽፋል። ስለዚህ ሁለቱ መዛግብት ይገናኙ ዘንድ ከፊተኛው መዝገብ መነሻ መነሻውን መቁረጥ ግድ ይሆናል።

ፕሮግራም ጸሐፊው ከስም ዓምድ ይጀምራል። «አቶ አበበ» ከሚለው ላይ «አቶ»ን ማንሣት ነው። ሥራው በፓይተን ቢሆን፣ በቋንቋው ውስጥ ኤልስትሪፕ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከግራ በኩል ግፈፍ እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው ለዚህ ትእዛዝ «አቶ» የሚለውን ቃልና አንድ ባዶ ቦታ ይሰጠዋል። የሚጠብቀው «አበበ» የሚለውን ስም ነው። የሚያገኘው ግን «በበ» ነው።

ስሕተቱ የማሽኑ አይደለም። ኤልስትሪፕ የተሰጠውን እንደ ቃል አያየውም፤ እንደ ሆሄያት ስብስብ ያየዋል እንጂ። «አ»፣ «ቶ»ና ባዶ ቦታ ለእርሱ የተፈረደባቸው ሦስት ምልክቶች ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ሆነ ድግግሞሻቸው ግድ አይሰጠውም። ከሰንሰለቱ መጀመሪያ ተነሥቶ ያገኘው ሆሄ ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ይጥለዋል፤ ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ፤ ከስብስቡ ውጭ የሆነ ሆሄ እስኪያገኝ ድረስ አይቆምም። በመሆኑም «አ»ን ጣለ፣ «ቶ»ን ጣለ፣ ባዶ ቦታውን ጣለ፣ ከዚያም የአበበን «አ» አገኘና እርሱንም ጨመረ፤ የቆመው ከ«በ» ላይ ሲደርስ ነው። በዚሁ መንገድ «አቶ ቶሎሳ» «ሎሳ» ይሆናል። ለሴቶች ሕሙማን «ወይዘሮ» የሚለው ቃል ቢሰጠው ደግሞ ወይዘሮ ወይንሸት «ንሸት» ተብላ ትቀራለች። አቶ አሰፋ «ሰፋ» ይሆናል፤ ይህ እንዲያውም የባሰ ነው፤ «ሰፋ» ራሱ ትርጉም ያለው ቃል ስለሆነ መዝገቡን በዓይኑ የሚቃኝ ሰው ሳይጠረጥር ሊያልፈው ይችላልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አቶ ሰሎሞን ምንም አይሆንም። አቶ ከበደ፣ አቶ ግርማ፣ አቶ ሙሉጌታ ሁሉም በደኅና ያልፋሉ። ጸሐፊው ስክሪፕቱን በእነዚህ ስሞች ሞክሮ ትክክል ነው ብሎ ቢያሳልፈው ቸልተኛ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሞክሯልና። የሞከራቸው ስሞች ግን ከማዕርጉ ሆሄያት በአንዱ የሚጀምሩ አልነበሩም።

ፓይተን እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሆነ ቋንቋ ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት አያሌ ተጠቃሚዎች በኤልስትሪፕ ተሰናክለው፣ የቋንቋው ጉድለት ነው ሲሉ ደጋግመው አመልክተዋል። የተሰጣቸው መልስም ትእዛዙ የሚሠራው ልክ በመመሪያው እንደ ተጻፈው ነው የሚል ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ በቂ ግን አልነበረም። ብዙ ሰዎች በአንድ ድንጋይ ላይ በተደጋጋሚ ሲሰናከሉ ጥፋቱ የእግራቸው ብቻ ሊሆን አይችልም። በመጨረሻም 616 የሚል ቁጥር የተሰጠው የማሻሻያ ሐሳብ ቀርቦ ተቀባይነት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በወጣው 3.9ኛው የፓይተን እትም ውስጥም ሪሙቭፕሪፊክስ የተባለ አዲስ ትእዛዝ ገባ። ይህኛው የተሰጠውን እንደ አንድ ሙሉ ቃል ይመለከታል፤ ሰንሰለቱ በዚያ ቃል የሚጀምር ከሆነ ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣል፤ የማይጀምር ከሆነ ሰንሰለቱን እንዳለ ይመልሳል።

ከዚያ በፊት አስተዋዩ ሰው የሚያደርገው በሁለት እርምጃ ነበር፤ መጀመሪያ ሰንሰለቱ በተፈለገው ቃል መጀመሩን ይጠይቃል፤ መጀመሩን ሲያረጋግጥ የቃሉን ርዝመት ያህል ከፊት ቆርጦ ቀሪውን ይወስዳል። ቸኳዩ ሰው ግን ጥያቄውን ይዘልና መቁረጡን ብቻ ያደርጋል። «አቶ» ከነባዶ ቦታው ሦስት ምልክት ነው፤ እንግዲያው ከሁሉም ላይ ሦስት ሦስት ይነሣ ይላል። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ አንዱን ሕመምተኛ ያለ ማዕርግ «ግርማ» ብሎ መዝግቦት እንደ ሆነ፣ ግርማ ሦስት ሆሄ ነውና ከስሙ ምንም አይተርፍም።

አዲሱ ትእዛዝም ቢሆን የሚሰጠው ቃል በትክክል የተመረጠ መሆን አለበት። «አቶ» ሲባል ባዶ ቦታው ከተዘነጋ፣ ያለ ማዕርግ የተመዘገበው አቶምሳ «ምሳ» ሆኖ ይወጣል። ባዶ ቦታው የማዕርጉ አካል ሆኖ ሊቆጠር ይገባል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መዝጋቢው ሁለት ባዶ ቦታ መትቶ ከሆነ አንዱ ይቀርና ስሙ በባዶ ቦታ ይጀምራል፤ ለዓይን አንድ የሆኑት ሁለቱ «አበበ»ዎች ለማሽኑ የተለያዩ ይሆናሉ። ኤልስትሪፕ በእውነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ምንም ስብስብ ሳይሰጠው ሲጠራ ከፊት ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ፣ አንድም ይሁን አምስት፣ ጠርጎ ያነሣል። ይህን ሥራ የሚሠራው በሚገባ ነው፤ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።

ነገር ግን «ባዶ ቦታ» የሚለው ቃል ወሰን አለው። በቀድሞው አጻጻፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ፣ ማለት «፡»፣ በዩኒኮድ ሥርዐት የተመደበው ከሥርዐተ ነጥብ ምልክቶች ጋር እንጂ ከባዶ ቦታዎች ጋር አይደለም። ስለዚህ «አቶ፡አበበ» ተብሎ የተጻፈውን ከላይ የተባሉት ትእዛዞች አንዳቸውም አይነኩትም፤ ሁለት ነጥቡ በስም ሊነገራቸው ይገባል። ከዚህ የሚብሰው የማይታየው ምልክት ነው። አንዳንድ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ፋይሉን ሲያስቀምጡ ከመጀመሪያው ሆሄ በፊት የአጻጻፉን ዓይነት የሚያመለክት አንድ ስውር ምልክት ያኖራሉ። ጃቫስክሪፕት ጠርዝ ሲያጸዳ ይህን ምልክት አብሮ ያነሣዋል፤ የፓይተኑ ኤልስትሪፕ ግን እንደ ባዶ ቦታ ስለማይቆጥረው ይተወዋል። በዚህም ምክንያት በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው ሕመምተኛ፣ እርሱ ብቻ፣ በላቦራቶሪው መዝገብ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ተገኝተው የመጀመሪያው ሲጠፋ ምክንያቱን መፈለግ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የደረሰበት ያውቀዋል። መድኃኒቱ ፋይሉ ሲከፈት ምልክቱን የሚያነሣውን የንባብ ዓይነት መምረጥ ነው፤ በፓይተን «ዩቲኤፍ ስምንት ሲግ» ይባላል።

አሁን ወደ ስልክ ዓምድ ይታለፍ፤ ከአራቱ ዓምዶች ሰውን ከውጤቱ የሚያገናኘው ይህ ነውና። የኢትዮጵያ የስልክ ቁጥር በአገር ውስጥ ከዜሮ ቀጥሎ ዘጠኝ አኃዝ አለው፤ ከውጭ አገር ሲጠራ ዜሮው ይቀርና በምትኩ +251 ይገባል። ላቦራቶሪው የሚይዘው ዘጠኙን አኃዝ ብቻ ስለሆነ +251ን ማንሣት ያስፈልጋል። ጸሐፊው በስም ዓምድ ያየውን ትምህርት ሳያስብ እዚህም ኤልስትሪፕን ጠርቶ «+251» ቢሰጠው ምን ይሆናል? ለሙከራ የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥር +251911234567 ይሰጠው። ውጤቱ 911234567 ነው፤ እንከን የለበትም። የተፈረደባቸው ምልክቶች የመደመር ምልክት፣ 2፣ 5ና 1 ሲሆኑ 9 ከእነርሱ ውስጥ ስለሌለ ቆራጩ 9 ላይ ይቆማል። በ7 የሚጀምሩትም የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥሮች እንዲሁ ይድናሉ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያስመዘግበው የተንቀሳቃሽ ስልክ በመሆኑ ስክሪፕቱ መዝገቡን ከሞላ ጎደል በትክክል ያጸዳዋል።

የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ መለያ ግን 11 ነው። ለምሳሌነት የተዘጋጀው +251111234567 በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ሲያልፍ የመደመር ምልክቱ፣ 2ቱ፣ 5ቱ፣ አከታትሎም አራቱ 1ዶችና ተከታዩ 2 ሁሉ ይረግፉና የሚተርፈው 34567 ብቻ ነው። አዳማ መለያዋ 22፣ ድሬዳዋ 25 ነው፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ባሕር ዳርና ጎንደር 58 ስለሆኑ 5ቱን ያጣሉ። መቀሌ በ34፣ ደሴ በ33፣ ሐዋሳ በ46፣ ጅማ በ47 ስለሚጀምሩ ይተርፋሉ። እንግዲህ ይህን ስክሪፕት ሐዋሳ ተቀምጦ የጻፈና የሞከረ ባለሙያ ለዓመታት ያለ አንዳች እክል ሊሠራበት ይችላል፤ ያው ስክሪፕት ወደ አዲስ አበባ የተላከ ዕለት ግን በቤት ስልክ ብቻ የሚገኙትን፣ ምናልባትም ተንቀሳቃሽ ስልክ የሌላቸውን አረጋውያን ሕሙማን፣ ከመጠራት ያስቀራቸዋል። ከተቆረጠው ቁጥር ተነሥቶ የተቆረጠውን መልሶ ማግኘት አይቻልም። 34567 ከተባለ በኋላ ከፊቱ የነበረው 1112 ይሁን 1152 ይሁን 1121 የሚያውቅ ማንም የለም።

ሪሙቭፕሪፊክስ ይህን ችግር ያስወግዳል፤ ከእርሱ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ሰው ስልክ ቁጥሩን የሚጽፈው በአንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ +251 ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው 00251፣ ሌላው ያለ መደመር ምልክት 251፣ አብዛኛውም 0 ብሎ። ስለሆነም ጸሐፊው ለአራቱም መነሻዎች በር መክፈት አለበት፤ ረጅሙን አስቀድሞ፣ አጭሩን አስከትሎ። ዜሮ ከቀደመ 00251 የሚለው 0251 ይሆንና ከማንኛቸውም ሳይሆን ይቀራል። ይህ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ያልታወቀው የድሬዳዋ ጉዳይ ነው። የድሬዳዋ ቁጥር በአገር ውስጥ 025 ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ቀጥሎ 1 የሚመጣበት ቁጥርም አለ። መዝገቡ አንድ ጊዜ በኤክሴል ሰሌዳ ላይ ተከፍቶ ተመልሶ ከተቀመጠ ሰሌዳው ቁጥር መስሎት የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። ቀሪው በ251 የሚጀምር ዘጠኝ አኃዝ ነው! ስክሪፕቱ ይህን የአገር መለያ ነው ብሎ ቢቆርጠው በእጁ የሚቀረው ስድስት አኃዝ ይሆናል። ፊቱን ብቻ በማየት ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ርዝመቱን መቁጠር ያሻል። 251 የአገር መለያ የሚሆነው ጠቅላላው ዐሥራ ሁለት አኃዝ ሲሆን ነው፤ ዘጠኝ ከሆነ ምንም ሳይነካ ይለፍ።

ቁጥሩን ከፊት ሳይሆን ከየትም ቦታ የሚሰርዘውን የመተኪያ ትእዛዝ ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙ ሰዎችም አሉ። 251 በምንም ይተካ ሲባል በቁጥሩ መካከል የተገኘውም 251 አብሮ ይሰረዛል። በፐርልና በመሰሎቹ ይህ እንዳይሆን የመጀመሪያን ቦታ የሚያመለክት ምልክት አለ፤ እርሱን መርሳት ቀላል ነው። የመደመር ምልክትም በእነዚያ ቋንቋዎች የድግግሞሽ ትርጉም ስላለው በኋላ ጭረት ካልታሰረ በስተቀር ራሱን አያመለክትም። ባሽ በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ በተለዋዋጩ ስም ላይ አንድ የመሰላል ምልክት ሲጨመር ከፊት ያለውን መነሻ አንድ ጊዜ ያነሣል፤ እንደ ፓይተኑ አሮጌ ትእዛዝ ወደ ስብስብነት አይለውጠውም።

የካርድ ቁጥር ዓምድ አጭር ነገር ብቻ ይጠይቃል። በአንዱ መዝገብ 00417 የተባለው በሌላው 417 ተብሎ ቢገኝ፣ ከሁለቱም ፊት ዜሮዎችን ማርገፍ ያገናኛቸዋል። እዚህ ላይ ስብስብ ሰጥቶ ኤልስትሪፕን መጥራት ትክክል ነው፤ የሚፈለገው ስንትም ቢሆን ዜሮን ሁሉ መጣል ነውና። ጥንቃቄው ሁለት ነው። ካርድ ክፍሉ ቁጥር ያልወጣለትን ሰው 00000 ብሎ መዝግቦት ከሆነ ምንም የማይተርፍ ስለሚሆን፣ ቢያንስ አንድ ዜሮ እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የባሽ ጉዳይ ነው። በባሽ ስሌት ውስጥ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር በስምንት መሠረት የተጻፈ ተደርጎ ይነበባል። በመሆኑም 0418 የተባለው ካርድ ስሕተት ተብሎ ይቆማል፤ 8 በስምንት መሠረት የለምና። 0417 ግን አይቆምም፤ በጸጥታ 271 ይሆናል። 271 ደግሞ የሌላ ሰው ካርድ ነው። ከቁጥሩ ፊት 10# የሚል ሲጨመር ባሽ በዐሥር መሠረት እንዲያነብ ይገደዳል። በወር ቁጥር የሚሠሩ ስክሪፕቶች 08ና 09 ሲደርሱ ብቻ የሚሰናከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው አባቶች ከዚህ ጣጣ ነጻ ነበሩ፤ ይህ ግን በመንገድ ላይ የተነሣ ነገር ነው።

የቀረው የሐኪሙ ማስታወሻ ነው፤ ጉዳዩ ከሁሉ የከበደውም እዚህ ነው። ጤና ጣቢያው በወባ የታመሙትን ሰዎች ከማስታወሻው ውስጥ ፈልጎ ለማውጣት ቢያስብ «ወባ» የሚለው ቃል ብቻውን አያገኛቸውም። ሐኪሙ «የወባ ምርመራ»፣ «ለወባ የተሰጠ»፣ «በወባ የተያዘ»፣ «ከወባ የዳነ» ብሎ ጽፏል። ሰዋስው ባዕድ መነሻ የሚላቸው እነዚህ ሆሄያት ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ፣ ቃሉን ለማግኘት «የ»ን፣ «ለ»ን፣ «በ»ንና «ከ»ን ከፊት ማንሣት የሚፈለግ ይመስላል።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው አንድ ነገር መባል አለበት። ጤና ጣቢያው ይህን ፍለጋ በድረ ገጽ ላይ በፒኤችፒ ቢያዘጋጀው፣ የፒኤችፒው ኤልትሪም እንደ ፓይተኑ ስብስብ የሚቀበል ከመሆኑም በላይ ሆሄን አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይትን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0ኛው የዩኒኮድ እትም ሲገባ የተሰጠው ሥፍራ፣ ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ በሦስት ባይት እንዲጻፍ ያደርገዋል፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። «የ» 225፣ 139፣ 168 ነው። «ወ» 225፣ 139፣ 136 ነው። ኤልትሪም «የ»ን አንሣ ሲባል ሦስት ባይቶችን እንደ ስብስብ ይይዝና «የወባ» ላይ ሲደርስ የ«የ»ን ሦስቱንም ይጥላል፤ ቀጥሎ ከ«ወ» ላይ 225ንና 139ን ያገኛል፤ እነርሱም በስብስቡ ውስጥ ስላሉ ይጥላቸዋል፤ 136 ላይ ይቆማል። በገጹ ላይ የሚታየው አንድ የተሰበረ ምልክትና «ባ» ነው። የሁሉም ሆሄ መነሻ ባይት አንድ በመሆኑ ይህ ጉዳት አልፎ አልፎ የሚደርስ አይደለም፤ «የ» የተነሣለትን ቃል ሁሉ ያገኘዋል። ሆሄን በሆሄነቱ የሚያውቀው ኤምቢ ኤልትሪም በ8.4ኛው የፒኤችፒ እትም የገባው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ነው። ለእንግሊዝኛ የሚበቃው መሣሪያ ለአማርኛ ሳይበቃ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ ከዚህ ይታያል።

መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው የቋንቋው ጠባይ ነው። አራቱን መነሻዎች እንደ ስብስብ ሰጥቶ መግፈፍ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ከተባለው ይገመታል፤ «ለከበደ» የሚለው «ደ» ይሆናል፤ «በለጠ» «ጠ» ይሆናል፤ «በየከተማው» «ተማው» ይሆናል። እንግዲያው አንድ ብቻ ይነሣ ቢባልስ? «ከከተማ» ከአንዱ «ከ» ተላቆ «ከተማ» ይሆናል፤ ደኅና ነው። ያለ መነሻ የተጻፈው «ከተማ» ግን «ተማ» ይሆናል። «የካቲት» «ካቲት» ይሆናል፤ «ለምጽ» «ምጽ»። በሐኪም ማስታወሻ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው «በሽታ» የሚለው ቃል ደግሞ «ሽታ» ይሆናል።

ለዚህ የሚቀርበው መፍትሔ የቃላት ዝርዝር ነው። ሙሉው ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ካለ አይነካ፤ ከሌለ መነሻው ይነሣና ቀሪው በዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ይታይ፤ ካለ ይወሰድ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለት መጀመሪያ ተቆርጦ ቀሪው ቢታይ፣ «ሽታ» በዝርዝሩ ውስጥ ስለሚገኝ «በሽታ» ሁሉ «ሽታ» ሆኖ ይቀር ነበር። ይህ ደንብ ለተራ ቃል መልካም ያገለግላል። ለሰው ስም ግን አያገለግልም። የሺ የምትባል ሴት ስሟ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ «ሺ» ትሆናለች፤ በላይም «ላይ» ይሆናል። አማርኛ የስም መነሻን የሚለይ ትልቅ ፊደል የለውምና ማሽኑ በምን ይወቃቸው?

ከዚህም የሚረቅ ነገር አለ። ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ሆሄ የሚያስር ስለሆነ መነሻው ሁልጊዜ ራሱን ችሎ አይቆምም። «የአስም በሽታ» የሚለው «ያስም በሽታ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ «በአገር» «ባገር» ይሆናል። እዚህ ላይ «ያ» ከመነሻው «የ» ከቃሉ «አ» ጋር የተዋሐደበት ነው። እርሱን ቆርጦ መጣል የቃሉን አካል አብሮ መጣል ነው፤ «ያስም» «ስም» ሆኖ ይቀራል፤ አስም ያለበት ሕመምተኛም ከዝርዝሩ ይወጣል። ትክክለኛው መንገድ መቁረጥ ሳይሆን መፍታት ነው፤ ራብዑን ወደ ግእዙ መልሶ ቀጥሎ «አ»ን ማስገባት። በዩኒኮድ ውስጥ የየሆሄው ሰባት ድምፆች ተከታትለው ስለተቀመጡ ከራብዑ መለያ ቁጥር ላይ ሦስት ሲቀነስ ግእዙ ይገኛል፤ ከ«ያ» «የ»፣ ከ«ባ» «በ»፣ ከ«ላ» «ለ»፣ ከ«ካ» «ከ»። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ቀላል አይደለም። ይኸው ስሌት «ካንሰር» የሚለውን «ከ» እና «አንሰር» ብሎ ይፈታዋል፤ «ካሳ» የተባለውንም ሰው «ከአሳ» ያደርገዋል። ስለዚህ የቃላት ዝርዝሩ እዚህም ከስሌቱ መቅደም አለበት።

የአማርኛን ቃል ከቅጥያዎቹ ለይቶ ሥሩን ማግኘት ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ሆኗል። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 ለመረጃ ፍለጋ የሚሆን የአማርኛ ግንድ ማውጫ ጥናት አውጥተዋል። ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በፓይተን የተጻፈ ሆኖ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ይተነትናል፤ አሠራሩም ከፊት ሆሄ እየቆረጠ መሄድ ሳይሆን ቃሉን በሙሉ ከሰዋስው ደንብ ጋር ማስተያየት ነው። ጤና ጣቢያችን የሚፈልገው ወባንና ስኳርን መለየት ብቻ ከሆነ ግን ይህን ያህል መሣሪያ አያስፈልገውም። የሚፈለጉት ቃላት ጥቂት ስለሆኑ ከእያንዳንዱ በፊት አራቱን መነሻዎች ጨምሮ «ወባ»ን፣ «የወባ»ን፣ «ለወባ»ን፣ «በወባ»ንና «ከወባ»ን መፈለግ ይበቃዋል። ምንም ሳይቆረጥ ሥራው ያልቃል።

በአጭሩ ከመቁረጡ በፊት ጸሐፊው መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ የሚነሣው ስብስብ ነው፣ ቃል ነው፣ ወይስ ቁጥሩ የታወቀ ሆሄ ነው የሚለው ነው። ለዜሮና ለባዶ ቦታ ስብስብ፤ ለማዕርግና ለአገር መለያ ቃል። ቁጥር ብቻ ታይቶ የሚቆረጥበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እርሱም ሁሉም መስመር በአንድ መልክ መጻፉ አስቀድሞ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። የተቆረጠው ውጤት በአዲስ ዓምድ ይጻፍ እንጂ በአሮጌው ላይ አይጻፍ። ርዝመቱ ካልተጠበቀው መጠን የወጣውን መስመር፣ ባዶ የቀረውንም፣ ስክሪፕቱ ለይቶ ያውጣ፤ ዘጠኝ አኃዝ ያልሆነ ስልክ ሁሉ በዚህ ይያዛል።

ለሙከራ የሚመረጡትም ስሞችና ቁጥሮች እንዳጋጠሙ የሚወሰዱ መሆን የለባቸውም። ለዚህ መዝገብ ቢያንስ እነዚህ ይግቡ፤ አቶ አበበ፣ አቶ ቶሎሳ፣ ያለ ማዕርግ አቶምሳና ግርማ፣ ወይዘሮ ወይንሸት፣ በሁለት ባዶ ቦታና በሁለት ነጥብ የተጻፈ አንድ አንድ ስም፣ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከሐዋሳ አንድ አንድ የመደበኛ ስልክ፣ ዜሮው የወደቀበት የድሬዳዋ ቁጥር፣ 00000 የተባለ ካርድ፣ 0417ና 0418፣ በማስታወሻውም ዓምድ «በሽታ»፣ «ያስም»፣ «ካንሰር»ና «የሺ»። ዝርዝሩ ከሃያ መስመር አይበልጥም፤ ስክሪፕቱ በተነካ ቁጥር ካርድ ክፍሉ ሳይጠራ በዚህ ላይ ይሮጣል።